ለሆስፒታል ደረጃ ቤት «እሳት የሚችል» መስታወት፦ የትኛውን ልግዛ?

ሳይት_ላይ_ነኝ | ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 2፡20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

የሳይት መሐንዲስ ነኝ። ክልል ከተማ ውስጥ ጂ ፕላስ 4 ሆስፒታል እያጠናቀቅን ነው። በየፎቁ ኮሪደሩን ከደረጃው የሚለይ የመስታወት ግድግዳ አለ። ስፋቱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ40 ነው። መሐሉ ላይ ባለ ሁለት ተካፋች በር አለው። ዲዛይኑ ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ለ60 ደቂቃ እሳት የሚቋቋም መስታወት»። ሌላ ምንም የለም።

አራት ፕሮፎርማ ሰበሰብኩ። አንዱ 10 ሚሊ ቴምፐርድ (በሙቀት የተጠናከረ መስታወት) ነው። ሁለተኛው 6 ሚሊ ውስጡ ሽቦ ያለበት። ሦስተኛው 5 ሚሊ ሴራሚክ መስታወት፣ «ኢ 60» የሚል ወረቀት ያለው። አራተኛው 23 ሚሊ ነው፤ «ኢአይ 60» ይላል። የአራተኛው ዋጋ ከመጀመሪያው ጋር ጨርሶ አይቀራረብም። ሁሉም ሻጮች «እሳት ይችላል» ብለውኛል። ኮንትራክተሩ ቴምፐርዱን ይፈልጋል። ኮሚቴው መልስ የሚጠብቀው ከኔ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ሊፍት ሲቆም ታካሚ በቃሬዛ የሚወርድበት ደረጃ ነው። ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኛል።

መስታወት_ቤት | ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 3፡05

ወንድሜ ቴምፐርዱ ይበቃሃል። መስታወት ስሸጥ 15 ዓመት ሆኖኛል። ተራ መስታወት የፈላ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ቴምፐርድ ከ200 ዲግሪ በላይ የሙቀት ልዩነት ይችላል። ከተማው ውስጥ የምታያቸው ባንኮችና ሆቴሎች ብዙዎቹ በእሱ ነው የተሠሩት። ለምን የሆስፒታሉን ገንዘብ ታስጨርሳለህ?

ፋሳድ_ፍራንክፈርት | ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 5፡40

ጀርመን አገር የሕንፃ መስታወት በመግጠም ነው የምተዳደረው። ከመስታወት ቤት ወንድማችን ጋር በአንድ ነገር እስማማለሁ። ቴምፐርድ 200 ዲግሪ ይችላል የተባለው እውነት ነው። ችግሩ እሳቱ 200 ዲግሪ ላይ አይቆምም።

እሳት የሚቋቋም ዕቃ የሚፈተነው ምድጃ ውስጥ ነው። የምድጃው ሙቀት የሚጨምርበት መንገድ በዓለም ላይ ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል። በ5ኛው ደቂቃ 576 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በ30ኛው ደቂቃ 842፣ በ60ኛው ደግሞ 945። ቴምፐርድ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ ጥርግ ብሎ ይወርዳል። የሚሰባበረው ሙሉ በሙሉ ስለሆነ የሚቀር ነገር የለም። በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ቁጠረው። ቴምፐርድ የተሠራው ሰው ሲጋጨው እንዳይቆርጠው ነው፤ ለዚያ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ፊደሎቹ ልምጣ። ሙሉ ምርጫህ ያለው እዚያ ላይ ነው።

«ኢ» ማለት መስታወቱ አልወደቀም፣ ነበልባልና ትኩስ ጋዝ አላሳለፈም ማለት ነው። ሙቀቱ ግን በመስታወቱ ውስጥ በጨረር ያልፋል። ከምድጃ ፊት እንደ መቆም ነው። ሦስተኛው ሴራሚክህ እንዲህ ያለ ነው። መስታወቱ ድንቅ ነው፤ በሙቀት እምብዛም ስለማይሰፋ አይሰነጠቅም። ከኋላው የሚያልፈው ሰው ግን ይቃጠላል።

«ኢደብልዩ» መሐል ላይ ነው። ከመስታወቱ 1 ሜትር ርቀት ላይ የሚለካው ጨረር በካሬ ሜትር ከ15 ኪሎዋት አይበልጥም። ቁጥሩ ትንሽ እንዳይመስልህ። 10 ኪሎዋት ያህል ሲያርፍበት የሰው ቆዳ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይቃጠላል።

«ኢአይ» ሲሆን እሳት በሌለበት በኩል ያለው የመስታወቱ ፊት አይግልም። በአማካይ ከ140 ዲግሪ፣ በአንድ ነጥብ ደግሞ ከ180 ዲግሪ በላይ ሙቀት እንዳይጨምር ነው የሚፈተነው። ይህ መስታወት ብዙ ንብርብር አለው። በመስታወቶቹ መካከል ውሃ የያዘ ሶዲየም ሲሊኬት አለ። በደህና ቀን ግልጽ ነው። 120 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አረፋ ሆኖ ያብጣል፣ ይነጣል፣ ሙቀቱን ያግዳል። 23 ሚሊ የሆነው ለዚህ ነው።

ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደቂቃው ነው። ስለዚህ «60 ደቂቃ» ብቻ ብሎ የጻፈ ዲዛይነር ግማሹን ጥያቄ ነው የመለሰው። «ኢ 60» እና «ኢአይ 60» ሁለቱም 60 ደቂቃ ናቸው። ደረጃው ላይ ላለው ሰው ግን አንዱ ሕይወት ነው፣ አንዱ አይደለም።

እዚህ ጀርመን አንድ የቆየ ደንብ አለ። ጨረር የሚያሳልፈው ዓይነት በማምለጫ ኮሪደር ላይ የሚፈቀደው፣ የታችኛው ጠርዙ ከወለሉ ቢያንስ 1 ሜትር ከ80 ሲርቅ ነው። ሰው ጎንበስ ብሎ ከሥሩ እንዲያልፍ ታስቦ ነው። ያንተ ግድግዳ ከወለል ይጀምራል። በእኔ እምነት ለደረጃ ቤት ከ«ኢአይ» ሌላ ነገር አታስብ።

ጡረተኛው_እሳት_አደጋ | ኅዳር 5፣ ከጠዋቱ 1፡10

ልጄ፣ ሥራዬን ለረጅም ዓመት በእሳት አደጋ መከላከል ላይ ነው ያሳለፍኩት። ስለ ምድጃው ልጃችን ከፍራንክፈርት ጥሩ አድርጎ ነግሮሃል። እኔ ያየሁትን ልንገርህ።

አንድ ቦታ ላይ፣ ስሙን አልጠራውም፣ ደረጃው በቴምፐርድ መስታወት የተከለለ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ነበር። እሳቱ የተነሣው አንደኛ ፎቅ ካለ ሱቅ ነው። እኛ ስንደርስ መስታወቱ ደረጃው ላይ ፈሶ ነበር። እንደ በረዶ ተከምሯል። ደረጃው ራሱ የጭስ ማውጫ ሆኗል። ከላይ ያሉት ሰዎች መውረጃ አጡ። በመስኮት ነው ያወረድናቸው። እግዚአብሔር ይመስገን ሁሉም ተረፉ። ሆስፒታል ቢሆን ኖሮ ግን ማንን በመስኮት ታወርዳለህ? ኦፕራሲዮን ላይ ያለውን? የወለደችውን?

ስለዚህ ደቂቃውን ስትመርጥ የምትጠይቀው ሰው ነርሷ ናት። «በሌሊት ተረኛ ስንት ናችሁ? የማይራመድ ታካሚ ስንት አለ? አንዱን በቃሬዛ ለማውረድ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» በላት። ቁጥሩን አባዛው። ያኔ 60 ደቂቃ ብዙ እንዳልሆነ ይገባሃል።

ሌላው ነገር፣ በሆስፒታል መጀመሪያ የሚደረገው ታካሚን ወደ ታች ማውረድ ላይሆን ይችላል። በዚያው ፎቅ ወደሚቀጥለው ክፍል ማሻገር ነው። እዚያ መሐል ያለው በርና መስታወትም የደረጃውን ያህል ያስፈልጋል። ዲዛይንህን እንደገና እየው።

ሰላም_አርክ | ኅዳር 5፣ ከጠዋቱ 3፡30

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ይህን ከማንም መጽሐፍ አላገኘሁትም።

መስታወት_ቤት | ኅዳር 5፣ ከጠዋቱ 4፡15

የጋሼን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እውነቱን ልናገር፣ ደንበኛ «እሳት ይችላል?» ሲለኝ «አዎ፣ ቴምፐርድ ነው» እል ነበር። ሌላ የሚያስረዳኝ ሰው አልነበረም። 945 ዲግሪ የሚለውን ቁጥር ዛሬ ነው የሰማሁት። ጥያቄ አለኝ። ሽቦ ያለውስ? እሱ ሲሰነጠቅም ሽቦው ይይዘዋል። ዋጋውም መካከለኛ ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ኅዳር 5፣ ከቀኑ 10፡50

አሜሪካ ሜሪላንድ ነኝ። የሕንፃ ጥገና ላይ እሠራለሁ፣ የእሳት በሮችን በየዓመቱ የምናስመረምረው እኛ ነን። ስለ ሽቦው ልመልስ።

ነበልባል በመያዝ ረገድ ትክክል ነህ። ይሰነጠቃል፣ ሽቦው ግን አያስወድቀውም። ለዚህ ነው ለብዙ አሥርት ዓመታት በትምህርት ቤት በሮች ላይ የነበረው። ጨረሩን ግን አያግድም። ስለዚህ «ኢ» ነው።

ከዚያ የባሰው ሌላ ነው። ሰው ሁሉ ሽቦው መስታወቱን ያጠነክረዋል ብሎ ያስባል። ያዳክመዋል እንጂ አያጠነክረውም። ልጅ እየሮጠ በሩን በእጁ ሲገፋ እጁ መስታወቱን ጥሶ ይገባል። ሲያወጣው ስብርባሪውና ሽቦው ሥጋውን ይዘው ይቆርጡታል። እዚህ አገር ብዙ ተማሪዎች ተጎድተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕንፃ ኮድ በትምህርት ቤትና በስፖርት ቦታዎች ላይ ከለከለው። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ ደግሞ ሰው ሊጋጭበት በሚችል ቦታ ሁሉ ላይ ከለከለ። በር ላይ፣ በር አጠገብ፣ ከወለል የሚጀምር ግድግዳ ላይ ማለት ነው። ያንተ ሁሉንም ነው።

የሴራሚኩም ነገር እንዲሁ ነው። ፊልም ካልተለጠፈበት ወይም ላሚኔትድ (መሐሉ ላይ በፕላስቲክ ንብርብር የተጣበቀ) ካልሆነ ለግጭት አይሆንም። ስለዚህ ሁለት ወረቀት ጠይቅ። አንዱ የእሳት፣ አንዱ የግጭት። በአውሮፓ የግጭቱ ፈተና 50 ኪሎ የሚመዝን፣ ሁለት ጎማ የታሠረበት ፔንዱለም እያወዛወዙ መስታወቱን መምታት ነው።

ማኅተሙንም እይ። በመስታወቱ ጥግ ላይ በቋሚነት መታተም አለበት። በወረቀት የተለጠፈ አይደለም። አሜሪካ ሠራሽ ከሆነ «ደብልዩ 60» የሚል ካየህ ግድግዳ ሆኖ ተፈትኗል ማለት ነው፤ ሙቀቱንም ያግዳል። «ኦኤች 45» የሚል ከሆነ ለመስኮት ብቻ ነው። ሙቀቱን አያግድም። ሁለቱም ላይ ቁጥር አለ፣ ትርጉሙ ግን ሰማይና ምድር ነው።

ቁጥጥር_ላይ | ኅዳር 6፣ ከጠዋቱ 2፡00

የተነገረው ሁሉ ትክክል ነው። ግን ስለ መስታወቱ ብቻ ነው ያወራችሁት። እኔን የጎዳኝ ፍሬሙ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ተቆጣጣሪ በነበርኩበት ሳይት ላይ ትክክለኛው «ኢአይ 60» መስታወት መጣ። ማኅተሙ አለ፣ ሰርተፊኬቱ አለ። ደስ ብሎን ተቀበልን። አሉሚኒየም ሠሪው ለቢሮ ፓርቲሽን የሚጠቀምበትን ተራ ፕሮፋይል አምጥቶ ገጠመው። በላስቲክና በተራ ሲሊከን አሽጎ ጨረሰ። ያማረ ሥራ ነበር። እኔ ፈረምኩ።

በኋላ ርክክብ ሲደረግ አንድ አዛውንት መሐንዲስ መጡ። ፍሬሙን በጣታቸው አንኳኩና «ይህ ስንት ዲግሪ ላይ ይቀልጣል?» አሉኝ። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። በምድጃው ስሌት ደግሞ በ10ኛው ደቂቃ 678 ነው። 60 ደቂቃ የሚቆም መስታወት የሚይዘው ፍሬም ከሩብ ሰዓት በፊት ፈሶ ያልቃል ማለት ነው። መስታወቱ ሳይነካ ሙሉውን ይወድቃል። ያን ቀን የተሰማኝን ኀፍረት አልረሳውም። በባለቤቱ ወጪ ተነሥቶ ተሠራ። ወጪውን እኛ ነበርን መሸፈን የነበረብን።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይዣለሁ። እሳት የሚችል መስታወት ብቻውን አይገዛም። የሚገዛው አብሮ የተፈተነው ነው፦ መስታወቱ፣ ፍሬሙ፣ ማሸጊያው፣ ቪሱ፣ ሥሩ ያለው መቀመጫ፣ ግድግዳው ሳይቀር። የብረት ፍሬም ሊሆን ይችላል። ውስጡ ሙቀት የሚያግድ ነገር የተሞላ፣ ተፈትኖ ያለፈ የአሉሚኒየም ፕሮፋይልም አለ። የቴስት ሪፖርቱን ሙሉውን ጠይቅ። የፊት ገጹን ፎቶ ከላኩልህ አትቀበል። ውስጡ ሥዕል አለ። ሥዕሉ ላይ ያለው ፍሬም ሳይትህ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን በሜትርህ ለካ።

የመጠኑንም ነገር ልብ በል። ሪፖርቱ ትልቁ የሚፈቀደው ስፋትና ቁመት ይህን ያህል ነው ይላል። 1 ሜትር በ2 ሜትር የተፈተነውን አንተ ለ3 ሜትር ግድግዳ አንድ ወጥ አድርገህ መጠቀም አትችልም።

ሳይት_ላይ_ነኝ | ኅዳር 6፣ ከቀኑ 8፡30

አንድ በአንድ እያነበብኩ ነው። አራተኛውን ፕሮፎርማ የሰጠውን ድርጅት ደወልኩለት። «ፍሬሙን ከእናንተ ነው የምናገኘው?» ስለው «አይ፣ ፍሬሙን አሉሚኒየም ቤት ያሠሩ» አለኝ። ቁጥጥር ላይ ባይጽፍ ኖሮ እኔም እዚያው ጉድጓድ እገባ ነበር።

አሁን ጭንቀቴ ገንዘቡ ነው። አምስት ፎቅ ነው። በየፎቁ ከ7 ካሬ በላይ መስታወት። ዕቃው ከውጭ ነው፣ ኤልሲ (ለውጭ ግዢ ባንክ የሚከፍተው የክፍያ ሰነድ) ይፈልጋል። ኮሚቴው ይህን በጀት የለኝም ይለኛል።

ዱባይ_ግላስ | ኅዳር 6፣ ከምሽቱ 1፡45

ስለ ገንዘቡ ሌሎቹ ይመልሱልህ። እኔ ስለ መንገዱ ልንገርህ። ዱባይ መስታወት ማከማቻ ውስጥ ነው የምሠራው።

ያ 23 ሚሊ መስታወት በሳይት አይቆረጥም፣ አይሞረድም፣ አይበሳም። በልኩ ታዝዞ ነው የሚመጣው። 5 ሚሊ ተሳስተህ ለክተህ ከሆነ መስታወቱ ተጣለ ማለት ነው። ስለዚህ ግድግዳው ተለስኖ ካለቀ በኋላ ለካ። ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የታሸገ ቴፕ አለ። ቴፑ ከተቀደደ እርጥበት ይገባል፣ ውስጡ ያለው ንብርብር ይበላሻል። አረፋና ጉም ሲሠራበት አይቻለሁ።

የተለመዱት ዓይነቶች ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ መቀመጥ የለባቸውም። አሁን የኢትዮጵያን መንገድ አስቡት። ዕቃው ጅቡቲ ወደብ ይወርዳል። በበጋቸው ወራት ኮንቴይነር ፀሐይ ላይ ቆሞ ውስጡ ከዚያ ያልፋል። ቀዝቀዝ በሚልበት ወር እንዲመጣ አድርግ። ጥላ ሥር እንዲቆይ ውል ላይ አስጽፍ። ሲደርስም ሣጥኑን ሳይፈርሙ ክፈቱና በብርሃን እዩት።

ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ቦታ ላይ ከሆነ ደግሞ የአልትራቫዮሌት መከላከያ ያለውን ዓይነት እዘዝ። የኛ አገር ከፍታ ላይ ጨረሩ ብርቱ ነው። ለውጭ ግድግዳ ባዶ አየር መሐሉ ያለበት ድርብ ካዘዝክ ከፍታውን ንገራቸው። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ዝቅ ያለ ቦታ ታሽጎ የመጣ ድርብ መስታወት እንደ ከረጢት ይወጠራል።

ክብደቱንም አትርሳ። መስታወት በእያንዳንዱ ሚሊ በካሬ 2 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። 23 ሚሊ ሲሆን 55 ኪሎ ገደማ ነው። የበሩ ማጠፊያ ያንን መሸከም አለበት።

ሰላም_አርክ | ኅዳር 6፣ ከምሽቱ 3፡20

ስለ ገንዘቡ እኔ ልሞክር። አርክቴክት ነኝ፣ መስታወት እወዳለሁ። ግን እዚህ ሕንፃ ላይ ያ ግድግዳ ለምን መስታወት ሆነ? ዲዛይነሩ የፈለገው ብርሃንና ስፋት ይመስለኛል። ብርሃን ከውጭው ግድግዳ ይገባል። ደረጃው የውጭ መስኮት አለው አይደል?

እንግዲህ በኮሪደሩ በኩል ያለውን በብሎኬት ዝጋው። ሁለት ጎኑን በደንብ ለስነው። ዕቃው በእጅህ ያለ ነው፣ የአገር ውስጥ ነው። በሩን ብቻ ከነፍሬሙ፣ ከነመስታወቱ ተፈትኖ ያለፈ አድርገህ ግዛ። በእያንዳንዱ ተካፋች ላይ ጠባብና ረዘም ያለ መስታወት ይኑር። አልጋ የሚገፋው ሰው ከበሩ ማዶ ማን እንዳለ እንዲያይ ያስፈልጋል። ከ7 ካሬ ወደ ግማሽ ካሬ ትወርዳለህ።

እኔ ሁልጊዜ የምለው ይህን ነው። ትንሽ እውነተኛ መስታወት፣ ሰፊ ግን የማይሠራ መስታወት ከሚሆን ይሻላል። የሕዝብ ሕንፃ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ ሕንፃዎችን ምድብ «ሐ» ውስጥ ነበር ያስገባቸው። የሚገባበት ሰው መስታወቱን አልመረጠም።

ጡረተኛው_እሳት_አደጋ | ኅዳር 7፣ ከጠዋቱ 1፡00

ልጄ ሰላም ያለችው ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ምርጡን በር ገዝታችሁ ድንጋይ ደግፋችሁ ከተዋችሁት ምንም አልሠራችሁም። ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ስለሚመላለስ በሩን በሽብልቅ ይዘው ይከፍቱታል። አልፈርድባቸውም፤ ሥራ ነው። ስለዚህ በሩን ክፍት አድርጎ የሚይዝ ማግኔት አስገጥም። የእሳት ደወል ሲጮህ ማግኔቱ ይለቃል፣ በሩ በራሱ ይዘጋል። የበሩ ዙሪያም ጭስ የሚያግድ ማሸጊያ ይኑረው። ከነበልባል በፊት ሰው የሚገድለው ጭሱ ነው።

መስታወት_ቤት | ኅዳር 7፣ ከጠዋቱ 3፡40

ከዛሬ ጀምሮ በቴምፐርድ ፕሮፎርማዬ ላይ «ለእሳት መከላከያ አይሆንም» ብዬ እጽፋለሁ። ሁለት ደንበኞችን መልሼ ደውዬላቸዋለሁ። አንዱ ትምህርት ቤት ነው። ገና አልተገጠመም ነበር።

ሳይት_ላይ_ነኝ | ጥር 19፣ ከምሽቱ 1፡15

ክሩን ሳልዘጋ ቆየሁ። ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ኮሚቴው ፊት ይህን ውይይት አትሜ አቀረብኩ። የጋሼን የነርሷን ጥያቄ መጀመሪያ አነበብኩላቸው። ሜትሮኗ (የነርሶቹ ኃላፊ) እዚያው ተነሥታ፣ በሌሊት በአንድ ፎቅ ሁለት ነርስ ብቻ እንዳሉ ተናገረች። ከዚያ በኋላ ስለ ቴምፐርድ ያነሣ ሰው የለም።

ግድግዳዎቹ በብሎኬት ተዘግተው ተለስነዋል። ለደረጃዎቹ አምስት በር፣ በዋርዶቹ መካከል ደግሞ ሁለት፣ «ኢአይ 60» ከነፍሬማቸው ታዘዋል። ሪፖርቱን ሙሉውን ነው የተቀበልኩት። የፍሬሙን ሥዕል ከመጣው ናሙና ጋር ለካሁት። አንድ ቦታ ላይ የማሸጊያው ዓይነት ይለያይ ነበር፣ አስቀየርኩ። ዕቃው ባለፈው ሳምንት ቀዝቀዝ ባለው ወር ጅቡቲ አልፎ ደርሷል። ሣጥኖቹን በፀሐይ ብርሃን ከፍተን አየናቸው። በአንዱ ጠርዝ ላይ ቴፑ ተቀድዶ ስለነበር መልሰናል፤ አቅራቢው ይተካል።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ማኅተሙ በመስታወቱ የታችኛው ጥግ ላይ ነው። ቀለም ቀቢዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባሉ። ማኅተሙ በቀለም እንዳይሸፈን ምን ላድርግ?

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ጥር 19፣ ከምሽቱ 4፡30

ቀለም ቀቢዎቹ ከመግባታቸው በፊት የእያንዳንዱን ማኅተም ፎቶ አንሣ። ፎቶው ላይ የበሩ ቁጥርና ፎቁ ይታይ። ከሪፖርቱ ጋር አንድ ፋይል አድርገህ ለጥገና ክፍሉ ስጥ። ከ10 ዓመት በኋላ አንድ መስታወት ሲሰበር ተተኪውን የሚያዝዘው ሰው አንተን አያውቅህም። ያን ፋይል ብቻ ነው የሚያገኘው።